እምነትና ክፉ ቀን በራያ ቆላ

የታሪክ መምህራችን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የሚሆን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ባዘዙን ጊዜ፥ ከክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ሜዳዎች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ ግን ስለ ተወለድኩበት ስለ ራያ ቆላ፥ ይልቁንም የቆቦና የአካባቢዋ ሕዝብ በየዘመኑ የደረሰበትን መከራ በምን ብርታት እንደ ተሸከመው ለመጻፍ አሰብኩ። ይህንኑ ለአንድ ወዳጄ ባዋየው፥ «ይህማ ስብከት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ደግሞስ ያገራችሁን ሰው የጎዳው ይኸው ጸሎቱ አይደለምን? ሌላው ሲርበው ይጮኻል፤ የናንተ ሰው ግን እግዚኦ እያለ ቁጭ ብሎ ይሞታል» አለኝ። ነገሩ ብዙ ቀን ከነከነኝ። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም በቁጭት ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ ለእርሱ የዘገየ መልስ መሆኑን አስቀድሜ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወስደውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ፥ የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ቆቦ ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። በስተ ምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። መሬቱ ከተራራ ታጥቦ የወረደ አፈር ስለ ሆነ እጅግ ለም ነው። የሚያጣው ውሃ ነው። የበልጉ ዝናም በጊዜው ከመጣ ገበሬው በሚያዝያ ደጋሊት ወይም ጅጉርቴ የሚባለውን ማሽላ ይዘራል፤ በልጉ ከቀረ ግን ያን ረጅም ማሽላ ትቶ በክረምት ጤፍ ለመዝራት ይገደዳል። ክረምቱም ከቀረ የሚሆነውን ከዚህ በታች እናየዋለን።

የቆላው ገበሬ በራሱ ሰማይ ላይ ከሚታየው ደመና ይልቅ ከተራራ የሚወርድለትን ጎርፍ ይጠባበቃል። በላስታ ደጋ ላይ ዝናም ሲዘንም፥ በቆቦ ሰማይ አንዲት ደመና ሳትታይ የሆርማት ወይም የጎሊና ወንዝ እያጓራ ይመጣል። ይህ ጎርፍ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ያልፋል። በዚያች አጭር ጊዜ ውሃውን ጠልፎ ወደ እርሻው ያልመለሰ ሰው ሀብቱ በዓይኑ ፊት ወደ በረሃ ሲሄድ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም አያደርግም። ስለዚህ ሕዝቡ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ተሰብስቦ ቦዩን ይጠርጋል፤ በድንጋይ፥ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ መጥለፊያውን ያጠናክራል፤ የውሃ አባት የሚባለው ሽማግሌም ለየሰዉ ተራውን ይደለድላል።

እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ከአጎቴ ጋር ወደዚህ ሥራ ሄጄ ነበር። ሰዉ ከመቆፈሩ በፊት አንድ ቄስና አንድ ሼህ ጎን ለጎን ቆመው በየተራ መረቁ፤ ሁሉም «አሚን» አለ። ምርቃቱ ሲያበቃ ሰዉ ሁሉ አካፋውንና ዶማውን አነሣ። አንድ ጎልማሳ ብቻ ዓይኑን ጨፍኖ፥ እጁን ዘርግቶ፥ ገና «አሚን፥ አሚን» ይላል። ሼሁ ቀረብ አሉና «አንተ ልጅ፥ ያንተ አሚን ረዘመሳ! አካፋውን ስታነሣ ጨርሰው» አሉት። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። ያን ጊዜ እንደ ቀልድ አልፌው ነበር፤ አሁን ግን ለወዳጄ ከምነግረው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነውና፥ በአውሮጳ በ6ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የቅዱስ ቤነዲክቶስ ማኅበር መነኮሳት ጸሎትንና ሥራን አጣምረው ይኖሩ እንደ ነበር ተምሬአለሁ። መምህሩ ይህን ሲያስተምሩን ከሩቅ አገር እንደ መጣ ትልቅ ግኝት አድርገን ሰማነው። ነገር ግን በዚሁ በወሎ፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ፥ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ገዳም ማደራጀታቸውንና ትምህርትም ከዚያ ወደ ብዙ አገር መሰራጨቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። የሩቁን አስቀድሞ የቅርቡን አስከትሎ መማር የእኛ የተማሪዎች ዕጣ ይመስላል።

የራያ ሰው እምነቱን ለእሑድና ለዓርብ ብቻ የሚያስቀምጠው አይደለም። በየቀኑ ቡና ሲፈላ ይታያል። ቡናው ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ። የመጨረሻው ስም ራሱ በረከት ማለት ነው። ሲኒው ከመዞሩ በፊት ከተቀመጡት በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ይመርቃል፤ ለታመመው ምሕረት፥ ለሄደው መመለስ፥ ለምድሪቱ ዝናም ይለምናል። በዚህ ጊዜ ክርስቲያኑና እስላሙ አንድ ላይ ተቀምጠው «አሚን» ይላሉ። ችግሩ ከበድ ሲል ደግሞ በወሎ ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ጉባኤ ይጠራል። ጫቱ ይቀርባል፤ ቡናው ይፈላል፤ ዕጣኑ ይጤሳል፤ ድቤው ይመታል፤ መንዙማ ይባላል፤ ሌሊቱም በዱዓ ያልፋል። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህን እንደ ጊዜ ማባከን ይቆጥሩታል። እውነት ነው፥ ሌሊቱን ሁሉ ያመሸ ሰው ጠዋት ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ወዳጃው የሚጠራበትን ቤት ያየ ሰው ሌላም ነገር ያያል። በሬ የሞተበት ሰው እንዳለ፥ የማን ልጅ እንደ ታመመ፥ የማን ጎተራ ባዶ እንደ ሆነ መንደሩ በሙሉ የሚያውቀው በዚያች ሌሊት ነው። ለመነጋገር አፍሮ የከረመ ችግረኛ በጸሎት መካከል ችግሩን ለፈጣሪ ጮክ ብሎ ሲናገር ጎረቤቱም ይሰማዋል። በማግሥቱ እህል ሲላክለት ማን እንደ ነገረበት አይጠይቅም።

ይህ አብሮ መኖር ግን ከጥንት ጀምሮ ያለ ችግር የኖረ አድርጎ መጻፍ ታሪክን መበደል ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሌሎች ግን እምቢ አሉ። ከነዚህም አንዱ ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ሲሆኑ፥ ተቃውሞአቸውን በጦር ብቻ ሳይሆን በብዕርም ገልጸዋል። በዐረብ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎች ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ ኖረዋል። በራያም በአና የነበሩት ሼህ ጀማሉዲን ብዙ ደረሳ ያስተማሩ ታላቅ ሊቅ እንደ ነበሩ ይታወቃል። እንግዲህ ዛሬ ቄሱና ሼሁ በአንድ ቦይ ዳር ቆመው ሲመርቁ የምናየው፥ አባቶቻቸው በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱበትና የተገደዱበት ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። ሕዝቡ ይህን ያገኘው በአዋጅ አይደለም። በአዋጅ የመጣው ጠብ ነበር፤ መታረቁን ግን ጎረቤት ከጎረቤት ጋር በጋብቻ፥ በሐዘን ቤትና በቡና ነው ያገኘው።

ቦሩ ሜዳ ካለፈ ከ10 ዓመት በኋላ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» የሚሉት ረሃብ መጣ። በ1880 ዓ.ም. ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቡት ከብት አማካይነት የገባው የከብት በሽታ አገሪቱን አዳረሰ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ ከሌለ የሚያርስ የለም፤ ዝናሙም ቀረ፤ አንበጣና አይጥ ተጨመረ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ሕዝቡ አለቀ። በዚህ ጊዜ ገበሬው በእጅ መቆፈርን እንደ ውርደት ስለ ቆጠረ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሰዉ ምሳሌ ሆኑ። በቤተ ክርስቲያን ምሕላው፥ በመስጊድ ዱዓው አልተቋረጠም፤ ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ያሳዩት ዶማውን ነው። ታላቅ ንጉሥ ማለት እንዲህ ያለ ነው እላለሁ።

ስለ ንጉሥ ካነሣሁ አንድ ሌላ ነገር ላውሳ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ከተሸነፈ በኋላ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲያፈገፍጉ ጠላት በአውሮፕላን ቦምብና መርዝ ያወርድባቸው ነበር። ከራያና ከአዘቦ ሰዎችም፥ ከመንግሥት ጋር በነበራቸው የቆየ ቂምና በጣልያን ገንዘብ ምክንያት፥ የሚያፈገፍገውን ጦር የወጉ ነበሩ። ያገሬ ሰው ስለ ሆነ ይህን መሸሸግ አይገባኝም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መካከል መንገዳቸውን ትተው ወደ ላሊበላ ወጡና ለጸሎት ጥቂት ቀን ቆዩ። አንዳንዶች «ጦር እየተከተላቸው እንዴት ለጸሎት ይቀመጣሉ?» ብለው ይነቅፏቸዋል። የእኔ ወዳጅም ያን ጊዜ ቢኖር ከነቃፊዎቹ ጋር በሆነ ነበር። እኔ ግን በዚህ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ጦሩ የተበተነበት፥ አገሩ ከእጁ የወጣበት ሰው ቢያንስ ልቡ እንዳይበተን የሚሰበስብበት ቦታ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፥ ወደ 1966 ዓ.ም. ረሃብ ልመለስ። ወዳጄ «ቁጭ ብለው ሞቱ» የሚለው እነዚህን ሰዎች ነውና። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በወሎ ዝናም ተዛባ። ራያና ቆቦ ከተጎዱት አውራጃዎች በግንባር ቀደም ይቆጠራሉ። የሟቾቹን ቁጥር ሊቃውንት ከ40,000 እስከ 200,000 ድረስ ይገምቱታል። አማርትያ ሴን የተባለው የህንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ረሃብ መርምሮ የጻፈው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በረሃቡ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ከወሎም ወደ ሌላ አገር የወጣ እህል ነበር። እንግዲህ እህል በአገሪቱ ጨርሶ ጠፍቶ አይደለም፤ ማሽላው የጠፋበት ገበሬ መግዣ ስላጣ ነው።

ሕዝቡስ ምን አደረገ? ወዳጄ እንዳለው ቁጭ አላለም። መጀመሪያ ከብቱን ሸጠ፤ ከዚያ ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ሸጠ፤ በመጨረሻም ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። የረሃቡ መጠለያዎች በመንገዱ ዳር የተሠሩት ሕዝቡ ወደ መንገዱ ስለ ወጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመድረስ የሞከሩትም ከከተማው ሳይገቡ በፖሊስ ተመለሱ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳዩ፤ መንግሥት ግን ነገሩን ማድበስበስ መረጠ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ አገር ከታየ በኋላ ግን የሚደበቅ ነገር አልቀረም። በአደባባይ ያልጮኸው እንግዲህ ማን ነው? የራያ ሰው እግዚኦም ብሏል፥ መንገድም ወጥቷል። የሰማው ሰው ነው የጠፋው።

ሆኖም ወዳጄን በአንድ ነገር ልስማማለት ይገባል። በዚያ ዘመን «ይህ የኃጢአታችን ዋጋ ነው» እያሉ የሚያስተምሩ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ይህ ትምህርት ለተራበ ሰው መጽናኛ ሳይሆን በቁስል ላይ የሚነሰነስ ጨው ነው። የአንዲት ድኻ እናት ሕፃን በማን ኃጢአት ነው በመንገድ ላይ የሚሞተው? ኃጢአት መቆጠር ካለበት ረሃቡን የደበቁት ሰዎች ይቁጠሩት።

ከዚያ መከራ አንድ በጎ ነገር ተወለደ። በ1973 እ.ኤ.አ. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ሌሎችም ቤተ እምነቶች ተባብረው የክርስቲያን በጎ አድራጎትና ልማት ማኅበር የሚባለውን አቋቋሙ። በየግሉ ይረዳ የነበረው ሁሉ ሥራውን ማስተባበር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1977 ዓ.ም. ያ ማኅበር እጅግ አስፈለገ።

የ1977ቱን ረሃብ ከመጻሕፍት ይልቅ ከአያቴ ነው የተማርኩት። እርስዋ ያን ጊዜ 27 ዓመትዋ ነበር። የደርግ መንግሥት በመስከረም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፥ እርስዋ ሁለት ልጆች ይዛ፥ ከአንዲት እስላም ጎረቤትዋ ጋር፥ በአላማጣ በኩል የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥታ ወደ ኮረም ሄደች። ኮረም ከፍታው 2,500 ሜትር ያህል ነው። የቆላ ሰው በስስ ነጠላ በዚያ ብርድ ማደር ምን ማለት እንደ ሆነ እርስዋ ስትናገር ዛሬም ትከሻዋን ትሰበስባለች። ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የቀረጹት፥ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ያስለቀሰው ፊልም ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ኮረም ነው።

«እማማ፥ ያን ጊዜ ትጸልዪ ነበርን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ለመጸለይ አቅም አልነበረኝም፥ ልጄ» አለችኝ። «ጎረቤቴ ተስቢሕዋን ትቆጥራለች፤ እኔ ድምፅዋን እሰማለሁ። እርስዋ ሲደክማት እኔ አባታችን ሆይ እላለሁ፤ እርስዋ ትሰማለች። አንዳችን ዝም ስንል አንዳችን እንናገራለን። እንዲህ እያልን ሌሊቱ ይነጋል። ካልነጋ የሞትን ይመስለን ነበር።»

የጎረቤትዋ ልጅ በኮረም ሞተ። አያቴ እንደ ነገረችኝ፥ በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል እንኳ የእስላሙም የክርስቲያኑም በየሥርዓቱ ይታጠብና ይገነዝ ነበር። ውሃ ለመጠጥ ባልበቃበት ቦታ ለሬሳ ማጠቢያ ውሃ መፈለጋቸውን ስሰማ፥ እውነቱን ለመናገር፥ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አያቴ ግን «ልጅዋ ሰው ሆኖ እንደ ተቀበረ አየች። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ በአእምሮዋ ያለችው» አለችኝ። በጠቅላላው በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው ከ400,000 እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ይህን ያህል ቁጥር ማንም ሊያስበው አይችልም። አንድ የታጠበ ሕፃን ግን ይታሰባል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ጾም አንድ ነገር ልጨምር እወዳለሁ፤ ነገሩ ከእኛ አገር ረሃብ ጋር የተያያዘ ነውና። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ነሐሴ በራያ ቆላ የባዶ ጎተራ ወር ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል አልቋል፤ አዲሱ ማሽላ ገና ነው። ጾሙ 15 ቀን ይቆይና በነሐሴ 16 ይፈታል፤ ከዚያም የቆቦ ልጃገረዶች ሶለል የሚባለውን በዓል እያከበሩ፥ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ የሚባለው ነው። እንግዲህ እህል በማይገኝበት ወር ሁሉም ሰው፥ ያለውም የሌለውም፥ ይጾማል። የሌለው ሰው በጎረቤቱ ፊት አያፍርም፤ ምክንያቱም ባለጠጋውም እስከ ሰዓት ድረስ አልበላም። ረመዳንም ለእስላሙ እንደዚሁ ነው። ይህን ለአያቴ ባስረዳት ጥሩ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እርስዋ ግን «ጾምና ረሃብን አንድ አታድርግ። ጾም የሚፈታበት ቀን አለው። ቀኑን ስለምታውቀው ነው የምትችለው። በኮረም ቀኑን የሚነግረን አልነበረም» ብላ አቋረጠችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ስናገር እጠነቀቃለሁ።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም መመረት ጀመረ። በዚህም ብዙ ገበሬ ተጠቅሟል። ነገር ግን ቡናው ላይ የዝናም ጸሎት አልቀረም፤ ፓምፕ የማይደርስበት መሬት ይበልጣልና።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማሽላውና ጤፉ ሊሰበሰብ ሲል አንበጣ መጣ። እንደ እርሱ ያለ መንጋ በ25 ዓመት ውስጥ አልታየም ተብሎ ነበር። እኔ 13 ዓመቴ ነበር። ከዞብል በኩል እንደ ቡናማ ጉም ሆኖ መጥቶ ፀሐይዋን ሸፈናት። ሰዉ ጅራፍ እያጮኸ፥ ቆርቆሮ እየደበደበ፥ ጨርቅ እያውለበለበ ወደ እርሻው ሮጠ። ሴቶቹ እየሮጡ «እመቤቴ ድረሺ» ይላሉ፤ ጎረቤቶቻችን «ያ አላህ» ይላሉ፤ ማንም ግን ለመጸለይ ብሎ አልቆመም። ከከተማም ሰዎች መጥተው የደረሰውን ጤፍ አብረውን አጨዱ። የእኛ ማሽላ ግማሹ ተበላ። የአጎቴ ጨርሶ አለቀ፤ አያቴም ከተረፈን ላይ ለእርሱ አካፈለች።

ያ ዓመት ገና አላለቀም ነበር። ጦርነቱ በሐምሌ ወደ ቆቦ ደረሰ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፥ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ በከተማዋ የሆነውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ መዝግቦታል፤ ይኸውም ከተማዋን ይዘው የነበሩት የትግራይ ኃይሎች መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን መግደላቸውን፥ ሰዎቹም በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት ግቢ መቀበራቸውን ነው። በዚያ ጦርነት በትግራይም በአፋርም ብዙ እናት አልቅሳለች፤ ይህን የምጽፈው የእኛን ሐዘን ብቻ ለመቁጠር አይደለም።

በእንቁጣጣሽ ዕለት በቤታችን ችቦ አልበራም፤ ዘፈንም አልተሰማ። አያቴ የሞቱትን ሰዎች አብዛኞቹን በስም ታውቃቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ እህል አልቀመሰችም፤ አልጸለየችምም። በሦስተኛው ቀን ያች ከኮረም የተረፈችው ጎረቤትዋ፥ አሁን አሮጊት ሆና፥ ጀበናዋን በነጠላዋ ሸፍና በጓሮ በር ገባች። ምንም አልተናገረችም። ከሰል አያያዘች፥ ቡናውን ቆላች፥ ቀዳች። አቦሉን ዝም ብለው ጠጡ። ቶናውንም ዝም ብለው ጠጡ። በረካው ሲቀዳ ጎረቤትዋ እጅዋን ዘረጋችና መመረቅ ጀመረች፤ ጥቂት እንደ ሄደች ድምፅዋ ተቆረጠ። ያን ጊዜ አያቴ ከተወችበት ተቀብላ ጨረሰችው። ሁላችንም «አሚን» አልን።

ከዚያ አያቴ ሲኒውን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞራ፥ «ማሽላው ሊያሽት ነው፤ ለወፍ የወጣ ሰው አለ?» አለችኝ።

ማንም አልወጣም ነበር። ወንጭፌን ይዤ ወደ ማማው ሄድኩ።